የሄደው ሻይ ቤት

እኔና ባለቤቴ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝተን፣ ከኋላ አልጋና ምድጃ አስገጥመን ቤት አደረግነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ሐሙሲት ላይ ቆምን፤ መኪና እየሄደ ቡና አይቆላማ። ጭሱ እንዲወጣ በሩን ከፍቼ ቆላሁ፣ ወቀጥሁ፣ አፈላሁ። ልቀዳ ስል አንድ ሽማግሌ "እንደምን ዋላችሁ" ብለው ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ለእኔ ስኳር አታብዢው" አሉኝ። ሻይ ቤት መስሏቸዋል። አይደለም ማለቱ አሳፈረኝና ቀዳሁላቸው። ባለቤቴ ግን ከፊት ጎማ ሲያይ ስለነበር እንግዳ መግባቱን አላየም፤ ቡናው ያለቀ መስሎት በሩን ከውጭ ዘግቶ፣ ጋቢና ገብቶ መኪናውን አስነሣ። ግድግዳውን ብደበድብ ዘፈን ከፍቷል፣ አይሰማኝም። ልደውልለት ብል የእሱም ስልክ ከኋላ፣ አልጋው ላይ ነው።

ሽማግሌው ሲኒያቸውን እንደያዙ በመስኮት አዩና "ልጄ፣ ቤቱ ይሄዳል እንዴ?" አሉኝ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ለካ በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ቀጠሮ ነበራቸው። "ሻይ ቤት ነኝ፤ ሻይ ቤቱ ወደ ባሕር ዳር እየሄደ ነው" አሉ፣ በረጋ ድምፅ።

ጣና ዳር ስንቆም ወንድማማቾቹ በአንድ ሞተር ተፈናጥጠው ተከትለውን ደረሱ። "ሽማግሌ ትሰርቃላችሁ?" ብሎ ታላቁ ጀመረ፤ ታናሹ "እውነትህን ነው ወንድሜ" እያለ ይቀበለዋል። ባለቤቴ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ሽማግሌው እጁን ያዙት። "ዝም በል ልጄ" አሉት ቀስ ብለው፣ "ከተጣሉ ወዲህ ወንድሜ ሲባባሉ ገና ዛሬ ሰማሁ።"