በላቫጆ ጎማ ሥር የተደረገ ክርክር

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። የምምለው በእናቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ በሕይወት ስላለች ቀልድ የለበትም። አንድ ሽማግሌ ፊታቸው ላይ ውሃ እየወረደ፣ አፋቸው ግማሽ ውሃ ግማሽ ሙግት ሆኖ፣ ተከራክረው ተሸነፉ ብል የሚያምነኝ ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ። ያላመነ ጦር ኃይሎች ወርዶ ከታክሲ ተራው ጀርባ ይጠይቅ። ባትሪ ቤቱም ላቫጆውም እዚያው ግድግዳ ተጋርተው ቆመዋል።

የባትሪ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ይገዙ ናቸው። ግራ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ኩፍኝ ወስዶባቸዋል። በቀረችው በቀኟ ልጆች አሳድገዋል፣ ከኮልፌ እስከ ቡራዩ ያለውን የሞተ ባትሪ ሁሉ አስነስተዋል። ደንበኛ ስለ ግራዋ ሲጠይቃቸው፣ «ፈረቃ ነው፤ አንዷ ትሠራለች፣ አንዷ ታርፋለች» ብለው ያስቁታል። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ቀኟን በመዳፋቸው ሸፍነው ጨለማው ምን እንደሚመስል የሚሞክሩበት ጊዜ ነበር። ወዲያው እጃቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

አሲዱን የሚያስቀምጡት በባዶ ሃይላንድ ነበር። ጥንካሬውን ለማወቅ መለኪያ አያነሱም፤ የጣታቸውን ጫፍ ነክረው ምላሳቸው ላይ ጠብ ያደርጉና «ደርሷል» ወይም «ቀጥኗል» ይላሉ። ጓንት የለ፣ መነጽር የለ። የነበራቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመጣ ለሄደው ያስተምሩታል፦ ውሃ አሲድ ላይ አይፈስም። በወጣትነታቸው አንድ የሥራ ባልደረባቸው አሲድ በሞላ ዕቃ ላይ ውሃ ሲደፋ፣ ፈልቶ ተነስቶ የቤቱን ቆርቆሮ እንደ ወንፊት ሲበሳሳው በዓይናቸው አይተዋል። ቆርቆሮው ስለመበሳቱ ሌላ ምስክር አልተገኘም፤ ሕጉ ግን ትክክል ነው፣ ኬሚስትሪ የተማረም አይክደውም።

አንድ ረፋድ ላይ የሰብሪያ መኪና ልክ በራፋቸው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ሰብሪያ የልብስ ነጋዴው የሰይፈዲን ልጅ ናት፤ ኬሚስትሪ ተምራ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞችን ደህንነት ትከታተላለች። ጋሽ ይገዙ አባቷን ስለሚያውቁ በርጩማ አቀረቡላት፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቁ፣ ከዚያ ባትሪውን አውርደው ክዳኖቹን ከፈቱ። አሲዱ ተደፍቶ መለወጥ እንዳለበት ነገሯት።

ሰብሪያ እንግዳ ስለሆነች ዝም ለማለት ሞክራ ነበር። መደርደሪያው ላይ ከሚጠጣ ውሃ ጎን የቆመውን ሃይላንድ ስታይ ግን አልቻለችም። የተጠማ ሰው ተሳስቶ ቢያነሳውስ ብላ በትሕትና ጠየቀቻቸው። የሰው ዕቃ ሳይጠይቅ የሚጠጣ ሌባ ነው፣ ሌባ ደግሞ ጉሮሮው ቢቃጠል ማንም አያለቅስለትም ብለው መለሱላት። ተራቸውን የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ። እሷም ሳቀችና ቀጠለች።

«ጋሽዬ፣ አይቆጡኝና፣ መነጽር የለዎትም?»

«ለንባብ? ለንባብ ደህና ነኝ።»

«ለአሲዱ ማለቴ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ከአሲድ ጋር አብሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያውቀኛል።»

«አሲድ ማንንም አያውቅም፣ ጋሽዬ። እርስዎ ደግሞ መለዋወጫ የለዎትም።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ነገሩ ጋሽ ይገዙ ልብ ድረስ ገብቷል፤ ነገር ግን በሰው ፊት በልጅ መመከር ከበዳቸው። የፋብሪካ ደንብ ለፋብሪካ ነው፣ እዚህ ሰፈር ጥንቃቄ ማለት የሚያውቅ እጅ ነው አሏት። እጃቸው ምን ያህል እንደሚያውቅ ሊያሳዩዋትም አሮጌውን አሲድ ደፍተው፣ አዲሱ ያለበትን ትልቁን ጀሪካን አንስተው፣ ከወገቡ ተቆርጦ በተዘቀዘቀ ሃይላንድ በኩል ወደ ባትሪው መገልበጥ ጀመሩ።

ሙሉ ጀሪካን አፉን ቁልቁል ሲደፉት አየር ለመሳብ ጉርግር ይላል። ጉርግር ባለ ቁጥርም ይተፋል። ያን ዕለት የተፋው ወደ ቀኝ ዓይናቸው ነበር።

ጋሽ ይገዙ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡት እንጂ አልጣሉትም፤ ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሰብሪያ የሚጠጣውን ውሃ አንስታ ስትጠጋቸው ክንዷን ገፈተሩት፤ ያቺ አንዲት ዓይናቸው ልትፈላ ነው ብለው ነው የፈሩት። ወተት አምጡ አሉ። አንዱ ሾፌር ወተት ፍለጋ ወደ ሱቅ ሮጠ። ሌላው የጥርስ ሳሙና ይሻላል አለ፤ ሦስተኛው ዕንቁላል። ጋሽ ይገዙ የበሩን መቃን አንቀው ወተቱን ጠበቁ፣ ሰብሪያ ትጎትታለች፣ እሳቸው አይነቃነቁም። በመጨረሻ ቃጠሎው ሲጠናባቸው እጃቸው ላላ፤ እሷም በወገባቸው አቅፋ ወደ ላቫጆው ወሰደቻቸው።

የላቫጆው ባለቤት ቀነኒሳ አንድ ሚኒባስ በአረፋ ሸፍኖ በትልቁ ፓምፕ ሊያጥብ ነበር። ሰብሪያ ፓምፑን እንዲያጠፋ አዘዘችው፤ ያ ግፊት የመኪና ጭቃ የሚፈነቅል ነው፣ ዓይን አይችለውም። ከቧንቧው በጎማ በቀጥታ የሚመጣው ለስላሳ ውሃ ብቻ ይለቀቅ አለች። ጋሽ ይገዙን በጎን አስተኝታ፣ ቀኟን ዓይን ወደ ታች አድርጋ፣ የዓይናቸውን ቆብ በጣቶቿ ከፍታ ይዛ፣ ውሃውን ከአፍንጫቸው በኩል ወደ ውጭ አወረደችው። ወደ ሌላኛው ዓይን እንዳይሻገር ነው ስትል፣ ያኛው ምንም የሚቀርበት ነገር የለም አሏት። ምላሳቸው ደህና እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ቀጥላ ሸሚዛቸውን እንዲያወልቁ ጠየቀች። ታክሲ ተራው ሁሉ እያየ፣ በሰይፈዲን ልጅ ፊት እንዴት ደረቴን እገልጣለሁ ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሸሚዙ አሲዱን ጠጥቷል፣ ከቆዳዎ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል ስትላቸው ቀነኒሳ መቀስ አምጥቶ ቀደደው፤ ሰው እንዳያይም የመኪና ሸራ ጋረደላቸው። ክርክሩ በደንብ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ገደልሽኝ» አሉ፣ ውሃ እየተፉ። «ውሃ አሲድ ላይ አይፈስም። ሕጉን ቀነኒሳ እንኳን ያውቀዋል።»

«ሕጉ ልክ ነው፣ ጋሽዬ። እኔም የተማርኩት እሱን ነው። አሲድ ሲበጠብጡ ምን ላይ ምን ይጨምራሉ?»

«ውሃው ላይ አሲዱን፣ ቀስ እያልኩ።»

«ለምን?»

«ውሃው ከበዛ ሙቀቱን ይውጠዋል። አሲዱ በዝቶ ውሃው ካነሰ ነው የሚፈላው።»

«አሁን ዓይንዎ ላይ ያለው አሲድ ምን ያህል ነው?»

«ጠብታ ይሆናል።»

«ከጎማው የሚወርደውስ ውሃ?»

 ቀነኒሳ፣ ጎማውን እንደያዘ፣ የውሃ ታንከሩ ትናንት ነው የተሞላው አለ።

«ስለዚህ ብዙ ውሃ ላይ ትንሽ አሲድ ነው፣ ጋሽዬ። ሕግዎን አልጣስኩም። ውሃው ደግሞ አይቆምም፤ ሙቀቱንም አሲዱንም ይዞ ይሄዳል።»

 ሽማግሌው በሥራቸው ሲመጡባቸው ደስ የሚላቸው ሰው ናቸውና፣ ሕመሙ ውስጥ ሆነው ነገሩን በአእምሯቸው አገላበጡት። ከዚያ የወተቱን ነገር አነሱ፤ ሾፌሩ ይዞት ደርሶ ነበር። ሰብሪያ ወተት አንድ ብርጭቆ ነው፣ አሲዱን ሳያጥብ ያልቃል፣ ንጹሕም አይደለም አለች። የጥርስ ሳሙናና ዕንቁላልስ? አሲዱን ከላይ ለስነው ከሥር እንዲበላ ጊዜ ይሰጡታል አለች። ሶዳስ፣ አሲድ ይገድላል ይባላል? መሬት ላይ ለፈሰሰው ያገለግላል፣ ዓይን ላይ ግን ራሱ ሌላ ቃጠሎ ያመጣል አለች።

«አሁን ቀለል ብሎኛል፣ ልነሳ» አሉ በመካከል።

«አይነሱም። ሕመሙ ቀደም ብሎ ይሄዳል፣ አሲዱ ግን ይቀራል። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ነው የሚታጠበው።»

«በሃያ ደቂቃ ሚኒባስ ታጥቦ ይወለወላል።»

«ሚኒባስ አዲስ መስተዋት ይገዛለታል» አለች ሰብሪያ።

ከዚህ በኋላ ጋሽ ይገዙ ሃያው ደቂቃ እስኪሞላ ታጠቡ። አሸናፊ ንግግር የሚባለው ይኸው ነው፤ ጮክ ተብሎ አልተነገረም፣ ነገር ግን ሰውየውን መሬት ላይ አስተኝቶ አቆያቸው።

ወደ ዓይን ሐኪም የወሰዳቸው ቀነኒሳ ነው። ሰብሪያ አብራ ሄዳ፣ የነካቸው የባትሪ አሲድ እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደታጠቡ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ነገረችው። ሐኪሙ እንደገና አጠበ፣ በመብራት መረመረ፣ ከዚያ ምንም የተነካ ነገር የለም፣ ዓይንዎ እንደ ድሮው ነው አላቸው።

ባትሪ ቤቱ እንደገና ሲከፈት ሌላ ቤት መሰለ። አሲዱ ከውሃ ሃይላንድ ወጥቶ፣ በቀይ ቀለም «አሲድ» ተብሎ በተጻፈበት ወፍራም ጀሪካን፣ ከጉልበት በታች መሬት ላይ ተቀመጠ። ጀሪካኑን ሲያጋድሉት አፉ ወደ ላይኛው ጎን ይሆናል፤ አየር ስለሚገባው አይተፋም። ምላስ ጡረታ ወጥቶ መለኪያ ተተካ። በባትሪ ቤቱና በላቫጆው በራፎች መካከል ቧንቧ ያለው በርሜል ቆመ፤ በርሜሉ ፊት ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዳብሶ ሊደርስበት ይገባዋልና። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ በሩና መስኮቱ ይከፈታል፣ ሲጋራ ይዞ የመጣም ውጭ ይጠብቃል፤ የሚወጣው ጋዝ እሳት ይወዳል። ለፈሰሰ አሲድ አሸዋና ሶዳ በባልዲ ተዘጋጅቷል። አዲሱን የአሲድ መከላከያ መነጽር ጋሽ ይገዙ የሚያወልቁት ምሳ ሲበሉ ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ማውለቁን ይረሱታል።

መጀመሪያ ላይ ሾፌሮቹ በመነጽሩ ምክንያት «አብራሪው» እያሉ ቀለዱባቸው። ኋላ ግን ከአየር ጤናም ከቤተልም ባትሪ ሠሪዎች እየመጡ በርሜሉን አዩ። ጋሽ ይገዙም አሮጌውን ሕግ አልሻሩትም፣ አስረዘሙት፦ ውሃ አሲድ በሞላ ዕቃ ላይ አይፈስም፤ አሲድ በነካው ሰው ላይ ግን ወዲያው ይፈስሳል፣ ማንም ሳይጠየቅ፣ ብዙ። ለምን ሲሏቸው ምክንያቱን ያስረዳሉ፤ ሕጉን ያለ ምክንያት ይዞ መኖር ምን እንደሚያስከትል ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሸሚዛቸው አይበሳሳም፣ ጣታቸው አይላጥም፣ ሚስታቸው ምሳ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የባላቸው ፊት ተቃጥሎ እንደሆነ ማየት ትተዋል።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው፤ ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። እናቴን ስለምወዳት ግን አንድ የፈጠርኩትን ነገር ላውጣ። ሐኪሙ «እንደ ድሮው ነው» አላለም። ዓይኗ ተርፋለች፤ ጋሽ ይገዙ ያያሉ፣ ይሠራሉ፣ ገንዘብ ይለያሉ። በቀኝ ጠርዟ በኩል ግን እንደ ጉም ያለ ነገር ቀርቷል፤ ሐኪሙም ቶሎ ብትታጠብ ኖሮ ይህም ባልኖረ ነበር ብሏል። እኔ ጨዋታው እንዲያምር ብዬ ትቼው ነበር። እሳቸው ግን በዚያ በኩል የመጣ ደንበኛ ሳያዩት ሲቀሩ፣ «ይቅርታ፣ ይሄኛው ጎን ወተት ስጠብቅ የሄደ ነው» ይሉና በርጩማ ያቀርቡለታል።