የትራስ ልብስ አጥልቀው የመጡ እንግዶች

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ እዚህ ሮማ ሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራ ሴቶች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር እረፍታችን። ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እሄድና ስልክ ቤት ገብቼ ለታናሽ ወንድሜ ለተስፋዬ እደውላለሁ። እሱ ካናዳ ነው፣ ኒውፋውንድላንድ የምትባል ደሴት። ለትምህርት ከሄደበት ከኩባ ሲመለስ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ እዚያ አረፈ፣ እና ወርዶ ጥገኝነት ጠየቀ፣ ቀረ። ታዲያ አንድ ሐሙስ ምን ይለኛል፣ «እትዬ፣ በቃኝ፤ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ።»

«ወረቀትህስ?»

«ይቅርብኝ። እዚህ ድንጋይና ጉም ነው፣ ባሕርና ዓሣ ነው። ሰዉ መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል፣ ቤቴን የረገጠ ግን የለም።»

እኔ የማድረው ሲኞራዬ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ። የት ላስተኛው ነው? ደግሞ ያለ ፔርሜሶ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ! «እስከ ገና ታገሥ» አልኩት።

አሎራ፣ እንግዲህ የፈረንጆቹ ገና እንዳለፈ ደወልኩ። «እትዬ፣ ጉድ ልንገርሽ» አለኝ። «ትናንት ምሽት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አራት ሰዎች ፊታቸው ላይ የትራስ ልብስ አጥልቀው ቆመዋል! አንዱ ወንድ ቀሚስ ለብሷል፣ አንዷ ሴት የዓሣ አጥማጅ ቦት ጫማ። ድምፃቸውን ለውጠው ‹እንግባ?› አሉኝ።»

«አንተስ?»

«እንግዳ አይደሉ? ግቡ አልኳቸው።»

ለካ የአገሩ የገና ወግ ነው! ባለቤቱ ማን እንደሆኑ ይገምታል፤ ካላወቃቸው ፊታቸውን አይገልጡም። ወንድሜ ምኑን ያውቃል? እንግዳ ሳይበላ ማን ነህ ይባላል እንዴ? እና የጾም ምስር ወጡን በዳቦ አቀረበ። እነሱ ዝም፤ እሱ «ብሉ እንጂ!» እነሱ ዝም፤ እሱ «በሞቴ!» በመጨረሻ ብድግ ብሎ ጠቅልሎ ባለቀሚሱን ሊያጎርስ ሲል፣ እስቲ አስበው፣ ያንን ነጭ የትራስ ልብስ በወጥ አሸው! ታዲያ ባለቀሚሱ ሳቁን ለቀቀው፣ እና በሳቁ ለየው፤ ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቱ ነው። ስሙን ሲጠራው ሁሉም ተገለጡ፣ በሉ።

«እና ትመጣለህ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ነገ እኔንም አልብሰው ይዘውኝ ሊዞሩ ነው» አይለኝም!

«አንተን? በመንደሩ ጥቁር አንተ ብቻ!»

«ጓንት አለ፣ እትዬ።»

የሚቀጥለው ሐሙስ እስኪደርስ ቸኮልኩ። «ሳያውቁህ ዞርክ?»

«በመጀመሪያው ቤት አወቁኝ!»

«በምን?»

«የቤቱ አሮጊት ሲገቡ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ሌላ የተነሣ የለም። ቤቱ በሙሉ ‹ተስፋዬ!› ብሎ ጮኸ።»

ከዚያ ወዲያ እመጣለሁ የሚለውን ነገር አንሥቶት አያውቅም። በትራስ ልብስ ተሸፍኖ እንኳ ካወቁት፣ ወዴት ይሄዳል?

«እርስዎስ፣ እማማ ብርሃኔ» አልኳቸው ወጋቸውን ስሰማ የቆየሁት እኔ፣ «ቢሸፈኑ በምን ይታወቃሉ?»

«እኔ? ዝም ማለት አቅቶኝ ነዋ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።