የሁለት መስታወት ክር

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ባዶ ጠርሙስ የምትገዛው እኔ ነበርኩ። መንግሥት በተለወጠ በሁለት በሦስት ዓመቱ ነው። ስብርባሪውን ደግሞ ጋሽ በቀለ ይወስዱታል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የመስታወት ዕቃ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ የጡብ ምድጃ ሠርተው ጠርሙሱን ያቀልጡና በብረት ቧንቧ እየነፉ ብርሌ ያወጣሉ። እና እኔ ጆንያዬን አውርጄ አልሄድም! ያ ቀይ ነገር በትንፋሽ ሲያብጥ ቆሜ አያለሁ፣ አይቼ አልጠግብም።

"ጋሼ፣ ያስተምሩኝ።"

"ሂጂ ወዲያ!" ድምፃቸው እንዲህ በአፍንጫ ነው የሚወጣው። "አንቺ ጥያቄ ታበዢያለሽ፣ ሥራው ዝምታ ይፈልጋል።"

"ዝም እላለሁ።"

"እሺ፣ እስከ ቅዳሜ አንድ ያልተሰነጠቀ ብርሌ ካወጣሽ ተማሪዬ ነሽ። ካልሆነ ጠርሙስሽን አራግፈሽ መሄድ ነው።"

ታዲያ ነፋሁ፣ ነፋሁ፤ መንፋቱንስ ሲደክማቸው ቧንቧውን እያቀበሉኝ ለምጄዋለሁ። እና ቀስ ብሎ እንዲበርድ አመድ ውስጥ ቀብሬ ጠዋት ሳወጣው ስንጥቅ! በማግስቱም ስንጥቅ! አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። እኔ እኮ ጠርሙስ ነጋዴ ነኝ፣ በቀለም ነው የምለየው፤ የለስላሳውን ጠርሙስ ከመስኮት መስታወት ጋር አቅልጫለሁ፣ ሁለቱም ነጭ አይደሉ?

ዓርብ ዕለት ተስፋ ቆርጬ በእሳቱ እጫወታለሁ፤ የጠርሙሱንና የመስኮቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አጣብቄ ሳብኩት፣ እንደ ክር ቀጠነ። ታዲያ ሲበርድ ጎብጦ ቁጭ! የአንዱን ጠርሙስ ቁራጮች ብቻ አጣብቄ ስስብ ግን ቀጥ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ለምን ጎበጠ?" አልኳቸው፤ ዝም እላለሁ ያልኩት ጠፋኝ።

መነጽራቸውን አደረጉ፣ ክሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ክሩን አዩ። አሁን ሊያባርሩኝ ነው ስል፣

"አላውቅም" አሉ። "ቤተ ሙከራ የሚሰጡን አንድ ዓይነት መስታወት ብቻ ነበር። እዚህ ግን ስንቱ ተሰነጠቀብኝ! እጄ ያረጀ መስሎኝ ነበር እኮ። እስቲ ድገሚልኝ፣ ቀስ እያልሽ።"

ቅዳሜ ብርሌዬ ከለስላሳ ጠርሙስ ብቻ ተነፍቶ ደህና ወጣ፣ ተማሪያቸውም ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ እኔም ስንቱን አስተማርኩ፤ ግን ልንገራችሁ፣ ጋሽ በቀለ መምህሬ የሆኑት ቅዳሜ አይደለም፣ "አላውቅም" ያሉኝ ዓርብ ነው።

"እማማ፣ ታዲያ ለምንድነው የሚጎብጠው?"

ሲበርዱ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይኮማተራላ፣ ጓደኛውን ይጎትተዋል፤ ክር ከሆነ ይጎብጣል፣ ብርሌ ከሆነ ይሰነጠቃል። ይቺን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ በነጻ ወሰድሻት! ሃሃሃ።