የሙሽራዋ እናት ፎቶግራፎች

ልብስ ሰፊው አዛውንት ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ጎረቤታቸው አስተማሪዋ ስትወጣ ተገጣጠሙ። የሽማግሌው ፊት አመድ መስሏል።

“ምነው አባባ? ዛሬ እኮ የልጅዎ ሠርግ ነው!”

“ካሜራው ሞልቷል ብሎ አላነሳም አለኝ፣ ልጄ። ሙሽራዋ ከሁለት ሰዓት በኋላ ትወጣለች። ከድሮዎቹ እንዳላጠፋ፣ የእናቷ ናቸው።”

ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ምስላቸው የቀረው እዚያች ካሜራ ውስጥ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ ሲያሳርፉና ሲያነሱ ነው የቆዩት።

“ለምን ያጠፋሉ? ወደ ታብሌቴ እንገልብጣቸዋ!”

“ተይ ልጄ! በዚያ ቀጭን ገመድ ሲያልፉ መንገድ ላይ ቢቀሩስ?”

“አባባ፣ የቀሚስ ቅርጽ ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲገለብጡ የመጀመሪያው ወረቀት ባዶ ይሆናል?”

“እሱማ አይሆንም።”

“ይኸውም እንደዚያው ነው። መግባታቸውን በዓይንዎ ሳያዩ አንዱንም አናጠፋም።”

እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌው እሺ ያሉት አምነው ሳይሆን ጊዜ አጥሯቸው ነው።

አስተማሪዋ ቤቷ አስገብታቸው ገመዱን ሰካች። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይጨምር ጀመር። መቶ አርባ ላይ ሲደርስ የታብሌቱ መስታወት ድርግም አለ።

“አለቀልኝ!” ብለው ገመዱን ሊነቅሉ እጃቸውን ሰነዘሩ።

“እንዳይነኩት! የሚያበላሸው ሥራ ላይ እያለ መንቀል ነው። ብርሃኑን አጠፋ እንጂ ሥራውን አላቆመም።”

በጣቷ ነካ ስታደርገው በራ። ቁጥሩ ሦስት መቶ አልፏል። ሽማግሌው ግን ፎቶዎቹ ገብተው እስኪያልቁ ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ አላነሱም።

አንዱን ከፈተችላቸው። ባለቤታቸው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ መስኮት ተደግፈው ገጹን ሞሉት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። በካሜራው ትንሽ መስኮት ያልታየ ነገር ነበር፤ የቀሚሱ እጅጌ ክርኑ ላይ ተቀዶ፣ በወፍራም ክር ተሰፍቷል።

“እኔ የሰፋሁላት ቀሚስ! ለምን አልነገረችኝም? ሥራ እንዳትጨምርብኝ ብላ ነዋ…” አሉ።

አስተማሪዋም፣ “ለልጅዎም እንልክላታለን። አንዱ ቢሰበር ሌላው ይኖራል፤ ካሜራውም ለዛሬው ቦታ ያገኛል” አለቻቸው።

አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ሽማግሌው ካሜራውን በገዛ እጃቸው ባዶ አደረጉ፤ ሙሽራይቱንም ከበሩ ሳትወጣ ደረሱባት።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲለኩ “ፎቶህን ሌላ ቦታ ገልብጠሃል?” ሳይሉ አያልፉም። “አልገለበጥኩም” ያለ እንደሆነ ሜትራቸውን ይጠቀልላሉ፤ “ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። ሂድና ገልብጠህ ና፤ ሱሪው ይደርሳል።”