ለኪስ የተቆረጠው ካርድ

የሰፈሩ ሰው «አባባ መቀስ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ በሥራቸው እንከን አይወጣላቸውም። አንድ አመል ግን አለባቸው፤ ቀጠሮ አያከብሩም። ከተማሪ ዩኒፎርም በቀር «ነገ ና» ያልተባለበት ልብስ ከዚያ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የጋዋኗን ኪስ ልታስቀይር ጎራ አለች። አባባ መቀስ ከካርቶን የተቆረጡ የልብስ ልኮች ከሚያስቀምጡበት ሳጥን የኪስ ልክ አወጡና ጨርቁ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በጠመኔ ማስመር ጀመሩ። ነርሷ ጎንበስ ብላ አየች። ቢጫው ካርቶን ላይ ያለው የገዛ እጇ ጽሑፍ ነው።

«አባባ! ይሄ እኮ የክትባት ካርድ ነው!»

ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። ጩኸቱን ሰምታ ልጃቸው የሦስት ወር ሕፃኗን እንዳቀፈች ከጓሮ ገባች፤ በያጁ ባሏም ተከተላት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱን ያመስኩበት ካርድ!» አለች ልጅቱ። «አባዬ፣ እንዴት እዚህ ተገኘ?»

ሽማግሌው ሌላ ሰው ላይ ማሳበብ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም፤ ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል።

«አልጠፋም ነበር፤ እኔ ነኝ የደበቅሁት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ኋላ ረስቼው እጄ በልማድ ቆረጠው። የመጀመሪያ ክትባቱ ቀን ሁለት ቦታ ሲወጋ አቅፌው የነበርኩት እኔ ነኝ። እስከ ማግስቱ አተኮሰው። ዕድሜዬን በሙሉ ከመርፌ ጋር ኖሬ፣ መርፌ የፈራሁት ያን ቀን ነው። ካርዱ ከጠፋ ለሁለተኛው ቶሎ አትወስዱትም፣ ትንሽ ይጠንክርና አንድ አንድ እያሉ ይወጉታል ብዬ ነው።»

ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይቆጣ ነበር። ነርሷ ግን በርጩማ ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ዩኒፎርም መቼ ነው የሚሰፉት?»

«ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ነዋ! ከተከፈተ በኋላማ ምን ሊረባ?»

«ክትባትም እንደዚያው ነው። ሰውነት መከላከያውን እስኪያዘጋጅ ጊዜ ይፈልጋል። ትክትክ ደግሞ እንደ እርስዎ ደንበኛ ‹ነገ ና› ቢሉት እሺ ብሎ አይመለስም። የሚጨክነው በትንንሾቹ ላይ ነው፤ ትንፋሽ ያሳጣቸዋል። በዚህ ሳምንት ብቻ ከዚሁ ሰፈር ሁለት ልጆች ይዟቸው መጥተዋል።»

እናቲቱ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«እሺ እህቴ» አለ በያጁ፣ «ግን ሁለት መርፌ በአንድ ቀን አይበዛበትም? አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በወሩ ብናደርገውስ?»

«ጥሩ ጠየቅህ። እስቲ ልጅህን እየው።» ሕፃኑ የአያቱን ሜትር ጫፍ አፉ ውስጥ ከቶ ያኝካል። «አሁን ስንት ዓይነት ተሕዋስ ወደ አፉ ገባ? ሰውነቱ ይህን በየቀኑ ይቋቋማል። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። ብትከፋፍሉት ምልልሱ ይበዛል፤ ልጁም ያለ መከላከያ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።»

«ትኩሳቱስ?» አለች እናቲቱ።

«አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ጡት አጥቢው፣ ልብስ አትደራርቢበት። በጣም ካተኮሰው ወይም አልጠባም ካለ ግን ውሎ ሳያድር አምጪው።»

አባባ መቀስ አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር። «ቀኑ ይህን ያህል ካለፈው፣ እንደ ተበላሸ ልብስ ተተርትሮ እንደገና ሊጀመር ነው?»

«ምንም አይተረተርም» አለች ነርሷ ፈገግ ብላ። «ካቆመበት ይቀጥላል፤ ቀጣዩ ደግሞ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። መዝገቡ እኛ ጋ ስላለ አዲስ ካርድ እጽፍላችኋለሁ።»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ካርዱን ጣልክ ብዬ ስንት ቀን ፊት ነሳሁህ» አለች ሚስት፣ እንባዋ እየመጣ።

«እኔማ እውነትም የጣልኩት መስሎኝ የመሣሪያ ሳጥኔን ሁለቴ ገልብጬ ፈትሻለሁ» አለና ሳቀ። «በይ ልጁን አልብሺው። ዛሬውኑ፣ ሁለቱንም።»

«አባዬ፣ አንተስ ትመጣለህ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ካለ እኔ ማን ሊያቅፈው?»

አቀፉት። ልጁ መርፌው ሲነካው ጮኸ፤ ከጤና ጣቢያው በር ሳይደርሱ ግን ዝም አለ። አያትዬው ያ ሁሉ ፍርሃታቸው ይህችን ለምታህል ለቅሶ መሆኑን አይተው በራሳቸው አፈሩ።

ከዚያ ወዲህ ያ የተቆረጠ ካርድ ከመስፊያ መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሕፃን አቅፋ የምትመጣ እናት ሁሉ «ካርዱ የት አለ? ቀኑስ መቼ ነው?» ተብላ ትጠየቃለች። በቀኑ የተከተበ ልጅ ከትክትክ፣ ከኩፍኝና ከልጅነት ልምሻ የተሻለ ይጠበቃል፤ ወላጆቹም አንድ ሳል በሰሙ ቁጥር አይባንኑም። አባባ መቀስ ይህን የሚናገሩት የራሳቸውን ስህተት ሳይደብቁ ነው፤ ሰው የሚሰማቸውም ስለዚህ ነው።

አራት ሳምንት ሞላ። አንድ ደንበኛ ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ አባባ መቀስ የልጅ ልጃቸውን በአንድ እጅ አቅፈው፣ በሌላው ሱቁን ሲቆልፉ አገኛቸው።

«አባባ፣ ቀጠሯችን ዛሬ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። አንተ ነገ ና» አሉት ቁልፉን ኪሳቸው እየከተቱ። «የዛሬው ቀጠሮ የዚህ ልጅ ነው፤ እሱን ነገ ና አልለውም።»