ቤሌ ያሉት ደግ አከራይ

እታፈራሁ ወትሮ ልብስ የምታጥበው ከክፍሏ ደጃፍ ነበር። ዛሬ ግን ሳፋዋን አንስታ ከአከራይዋ በረንዳ ሥር አስቀመጠች። ሰውየው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቷ ጥሩዬ ከጎኗ ሆና ልብስ ትጨምቃለች። ዝናቡ ሲወርድ፣ የእታፈራሁ ልጅ ትንሿ ሳምራም ስትስል ነው ያደሩት።

«ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ነው አይደል ጥሩዬ? ጓሮ ያለው ጎደሬውም ቦዬውም ይፋፋል። እኛ ቤት እንኳ ግድግዳው ማብቀል ጀምሯል... አይ፣ የኛን ተይውና የእህቴን ላውራልሽ። ቤሌ ከተማ ያለችውን።»

እታፈራሁ ቤሌ ውስጥ እህት የላትም። ጥሩዬ ይህን አሳምራ ስለምታውቅ አንገቷን ደፍታ መጭመቋን ቀጠለች።

«የእህቴ አከራይ እንዴት ያሉ ደግ ሰው መሰሉሽ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ጣሪያው ያፈሳል ብላ ስትነግራቸው ተቆጡ? በፍጹም። እጇን ይዘው ጸለዩላት። ዝናቡ ግን... እሱስ ምን ያድርግ፣ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል እንጂ።

ከዚያ ግድግዳው ሻገተ። አልጋዋን ከግድግዳው አራቀች፣ በበረኪና ወለወለች፣ ቀን ቀን መስኮት ከፈተች... የተከራይ ሥራ ነው፣ ማን ይሥራላት? የአከራይ ሥራስ? እሱንም አላጓደሉም። መጥተው ሻጋታውን በጣታቸው ነካ አደረጉና ‹ይሄ እኮ ከትንፋሻችሁ ነው› አሏት። እንዲህ ያለ እውቀት ከየት ይመጣል? እህቴ እስከዚያን ቀን ድረስ ትንፋሿ ጥቁር መሆኑን አታውቅም ነበር። ልጇ የምትስለውም እንግዲህ... የገዛ ትንፋሿ አሟት ነዋ። ትንሽ ቀነስ አድርጋ እንድትተነፍስ መምከር ነው።»

በረንዳው ላይ ገጽ መገለጡ ቆመ።

«ደግሞ ጊፋታ እየደረሰ አይደል? የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፣ እንግዳ ይመጣል። ቤቱ እንዲያምር ብለው ነጭ ቀለም አስመጡና እርጥቡ ላይ አስቀቡላት። እንዴት እንዳማረ ብታይው... እስከ እሁድ። ሰኞ ጥቁሩ ተመልሶ ብቅ አለ። እሱም በዓሉ እንዳያመልጠው ይሆናል።

ቆርቆሮ አጥተው እንዳይመስልሽ። አዲስ ቆርቆሮ ገዝተዋል፣ የሚያብረቀርቅ። ለበሬው። ለጊፋታ የሚታረድ በሬ እርጥብ ላይ ቢተኛ ይከሳላ። ቅርጫ የገቡት ሰዎች ምን ይሏቸዋል? እህቴ ከሳች ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፣ እሷን የሚከፋፈል የለማ። እሷ ከአልጋዋ ሥር ውሃ ስትቀዳ፣ እሱ ደረቅ ሣር ላይ ተኝቶ ሲያመሰኳ ይሰማታል። ቀናሁበት አለችኝ። በበሬ መቅናት ነውር ነው ብዬ ገሠጽኳት።»

ጥሩዬ ሳቋን በእርጥብ ፎጣ አፈነችው። ወዲያው ከክፍሉ የሳምራ ሳል ተሰማ፣ ረዘመም። እታፈራሁ እስኪያልፍ ድረስ እጇን ሳፋው ውስጥ እንደነከረች ጠበቀች። ጣሪያው ሳይደፈን ክረምቱ ከገፋ ልጇ ትታመምባታለች። ፊት ለፊት ብትናገር ደግሞ ‹ልቀቂ› መባል አለ፤ በእሷ አቅም ሶዶ ውስጥ ሌላ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ያስፈራትም ያንገበገባትም ይኸው ነበር።

ያጠበችውን የልጅ ቀሚስ አራግፋ ተነሳች። ድምጿ ለሰለሰ።

«እኔማ ለእህቴ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ሰው ከማማት መርቂያቸው አልኳት። አሁን በየጸሎቴ አነሳቸዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን... ቀናቸው ሲደርስ ደግሞ፣ ጌታ በሰማይ ክፍል አዘጋጅቶ ይቀበላቸው። ልክ እሳቸው ለእህቴ እንዳዘጋጁላት... ሳይጨምር ሳይቀንስ።»