መዝጊያውን የዘጋሁ ቀን

በእኛ ጊዜ ሰው ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ ባሕር ላይ እንጀራ ይፈልግ ነበር፤ እኔም ወርጄ ነበር። ወሬ አላውቅበትም፤ ተናገር ካላችሁ ግን ስሙኝ። መርከብ ላይ ሥራዬ ሽንት ቤት ነበር፤ ሲያፈስ መጠገን። የመርከብ ሽንት ቤት እንደ ቤት አይደለም፣ ውሃውን የሚስበው ከባሕር ነው፤ ታዲያ ተጠቅመህ የውሃውን መዝጊያ ካልዘጋህ ባሕሩ ራሱ ይገባልሃል። እና ዘጋሁ፣ ዘጋሁ፣ እጄ ለመደ። ይኸው አርጅቼም እዘጋለሁ።

ታዲያ ዘንድሮ ልጄ አስካለ ደብረ ብርሃን ጠራችኝ፤ ልጇን ማሕሌትን ሊጠይቁ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ነው። ገና ከመግባቴ ጓዳ ወሰደችኝና፣

«አባዬ፣ በሞቴ፣ ያን የመርከቡን ሥራ ዛሬ እንዳያነሱብኝ» አለች።

«ምን አፍ አለኝና አነሳለሁ?»

«መርከብ ይነዱ ነበር ብያቸዋለሁ።»

አፈረችብኝ፤ እኔም አብሬያት በራሴ አፈርኩ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ አቶ ዘውዴ ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። «መቼም መርከብ መንዳት በቅሎ ከመንዳት ሳይከብድ አይቀርም?» ይሉኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ «እንዴታ» ብቻ። ከዚያ ሽንት ቤት ጠየቁ። ወይ ጉዴ! ከሳቸው በፊት እኔ ገብቼ ነበር፣ እና እንደ ልማዴ ግድግዳው ላይ ያለውን የውሃ መዝጊያ ጥርቅም አድርጌው ወጥቻለሁ። ሰውየው ውሃ ቢያጡ በጉልበት ጠመዘዙት። ያረጀ ነገር፣ አንገቱ ላይ ለቀቀ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ሲሉ ሰማን።

ብንሮጥ ውሃው ፊን ይላል፣ ያ ነጭ ልብስ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ማሕሌት ታለቅሳለች፣ አስካለ «ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ!» ትላለች። በእሑድ ቀን ከየት ይመጣል?

«ጧፍ አምጪልኝ» አልኳት።

«አባዬ፣ አሁን ጸሎት ነው?»

«አምጪ አልኩሽ፤ ፒንሳም።»

ጧፍ እኮ ሰም የጠጣ ፈትል ነው። መርከብ ላይ ሞራ የጠጣ ገመድ ነበር የምንጠመጥመው። እና ከደጅ ዋናውን ውሃ አስዘጋሁ፣ የመዝጊያውን አንገት ፈታሁ፣ ጧፉን ጠምጥሜ መልሼ አጠበቅኩት። ውሃው ሲለቀቅ ጠብ አላለም።

ቀና ስል ሽማግሌዎቹ ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ እኔ ሽንት ቤቱ ሥር ተንበርክኬ።

«ይህን የት ለመዱት?» አሉ አቶ ዘውዴ፣ ጢማቸው እየተንጠባጠበ።

አስካለን አየኋት፤ አቀረቀረች። መዋሸትስ አልችልበትም።

«መርከብ ላይ። ሥራዬ ይኸው ነበር። መዝጊያውንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

የልጅቱ ነገር በእኔ ፈረሰ ብዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው የልብሳቸውን ጫፍ ጨመቁ፣ ጨመቁና፣

«እኛ ልጅ ልንለምን መጣን እንጂ መርከብ ነጂ ልንቀጥር መጣን እንዴ? ይነሱ፣ ይታጠቡና ይቀመጡ፤ ጥያቄያችንን ገና አላቀረብንም» አሉ።

ሁሉም ሳቀ። ልጅቱም ተሰጠች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። አስካለ ልታስታጥበኝ ውሃ በጆግ ይዛ መጣች።

«አባዬ…» አለች።

«አፍስሺ፣ ልጄ፤ ሰው እየጠበቀን ነው» አልኳት። ሁለታችንም እኩል አፍረናል።